«ከ10 ዶላር በታች በካርድ አይከፈልም» ስለ ምን ይባላል?

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሰዎች በገንዘብ መገበያየት ከጀመሩ ወዲህ ትንሽ ነገር መግዛት ሁልጊዜ የራሱ ችግር ነበረው። በአገራችን በቀድሞ ዘመን የማሪያ ትሬዛ ብር ሲሠራበት ሳለ፣ ያ ትልቅ ብር በሬ ወይም በቅሎ ለሚገዛ ሰው የተመቸ ቢሆንም፣ ጥቂት በርበሬ ለምትሸምት ሴት ግን የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ሕዝቡ አሞሌ ጨውን ለዝርዝር ይገለገልበት ነበር፤ አሞሌውም ለበለጠ ትንሽ ነገር ሲፈለግ እየተሰበረ ይሰጥ ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው ለትልቁ ግብይት የተመቸ ገንዘብ ለትንሹ ግብይት ላይመች ይችላል። ይህ ነገር በጥንት ዘመን ብቻ የቀረ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በሠለጠነው ዓለም በዛሬው ቀን የሚሠራበትን የክሬዲት ካርድ ይመልከት። እኔም ባለፈው ክረምት ይህንኑ በዐይኔ ስላየሁ፣ ያየሁትንና የተማርሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ባጭሩ ለመግለጽ ብዕሬን አነሣሁ።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ወደሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ሄጄ ሁለት ወር ያህል ተቀመጥሁ። አሌክሳንድሪያ ከዋና ከተማው ከዋሽንግተን በፖቶማክ ወንዝ ማዶ የምትገኝ ስትሆን፣ በዚያ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። አጎቴ በአንድ መንገድ ማእዘን ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ስፋቷ ከመማሪያ ክፍላችን አይበልጥም። ወተት፣ ዳቦ፣ የታሸገ ውኃ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይና የስልክ ገመድ ይሸጥባታል፤ በአንደኛው ጥግ ደግሞ እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ ይገኛል። ጧት ጧት ቡናም ይፈላል። ሠራተኞቹ አጎቴና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ከጧቱ 12 ሰዓት ከፍተው ከምሽቱ 4 ሰዓት ይዘጋሉ። እኔም እጄን አጣጥፌ ላለመቀመጥ ዕቃ በመደርደርና ወለል በመጥረግ እረዳቸው ነበር።

በገንዘብ መቀበያው አጠገብ በካርቶን ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፎአል። በእንግሊዝኛ፣ በስፓኝ ቋንቋና በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን፣ አማርኛው «በክሬዲት ካርድ የሚከፈለው ከ10 ዶላር ጀምሮ ነው፤ ስለምትረዱን እናመሰግናለን» ይላል። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ በዚያ ሰፈር ባሉት በሌሎቹም ትንንሽ ሱቆች፣ በልብስ ንጽሕና ቤትና በጠጉር አስተካካዩ ዘንድ አየሁት። በትልልቆቹ መደብሮች ግን አላየሁትም። ይህ ልዩነት ከየት እንደ መጣ ማሰብ የጀመርሁት ግን አንድ ነገር ካጋጠመ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ማለዳ አንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት ከሌሊት ሥራ ወጥታ ወደ ሱቁ ገባች። የምትሠራው በሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ስለ ሆነ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ነው ያደረችው። ቡናና ዳቦ አነሣች፤ ሒሳቡም 4 ዶላር ሆነ። በእጇ የነበረው ክሬዲት ካርድ ብቻ ነበረ። አጎቴ ወደ ማስታወቂያው በትሕትና አመለከቷት።

«ጋሼ፣ ለ4 ዶላር ብለው ነው የሚመልሱኝ? ካርዱም እኮ ገንዘብ ነው» አለቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ ላንቺ ገንዘብ ነው፤ ለኔ ግን ገንዘብ የሚሆነው ሌሎቹ ድርሻቸውን ካነሡ በኋላ ነው። ይልቅስ ይዘሽው ሂጂ፤ ስታልፊ ትከፍይኛለሽ» አሏት።

እርሷ ግን ዱቤ አልወድም ብላ፣ የማትፈልገውን ብስኩትና ሳሙና ጨምራ ሒሳቡን ከ10 ዶላር በላይ አድርሳ ከፈለች። ስትወጣም «ሐበሻ ለሐበሻ እንዲህ ነው» ስትል ሰማናት። አጎቴ ምንም አልመለሱም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ፊታቸው እንደ ከበደ ዋለ። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። የወሩ የካርድ ክፍያ ዝርዝር ነበረ።

«የቤት ኪራይ የሚጠይቀኝን ሰው ፊቱን ዐውቀዋለሁ፤ ብቸገር ቀን ጨምርልኝ እለዋለሁ። ይኸኛው ግን ፊት የለውም፤ ገና ገንዘቡ እጄ ሳይገባ ድርሻውን ይወስዳል። አንተ ተማሪ ነህና እስቲ አስላው» አሉኝ። እኔም እስክሪብቶ አንሥቼ ማስላት ጀመርሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል። ገዢው ካርዱን በመሣሪያው ላይ ሲያስነካ ለባለሱቁ በቀጥታ የሚከፍለው ገዢው አይደለም። ካርዱን የሰጠው ባንክ ስለ ገዢው ሆኖ ይከፍላል፤ ገዢው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ከባንኩ ጋራ ይተሳሰባል። በመካከል ሁለት ሌሎች አሉ። አንደኛው የሁለቱን ወገን ባንኮች የሚያገናኘው የካርድ ድርጅት ነው፤ ይኸውም እንደ ቪዛና እንደ ማስተርካርድ ያለው ነው። ሁለተኛው ለባለሱቁ መሣሪያውን ሰጥቶ ሒሳቡን የሚያቀናብርለት ድርጅት ነው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ሦስቱም ድርሻ አላቸው። ከሦስቱም ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው ካርዱን ለገዢው የሰጠው ባንክ ነው። ብዙ ሰው ግን ክፍያውን ሁሉ የሚወስደው በካርዱ ላይ ስሙ በጉልህ የተጻፈው የካርድ ድርጅት ይመስለዋል።

አጎቴ በውላቸው መሠረት የሚከፍሉት በሁለት መልክ ነው። ሽያጩ ትንሽም ይሁን ትልቅ በእያንዳንዱ ጊዜ 10 ሳንቲም ይከፍላሉ፤ ከዚያም በላይ ከመቶ 3 ይከፍላሉ። ከመቶ የሚታሰበው ክፍያ ከሽያጩ ጋራ አብሮ ስለሚያድግና አብሮ ስለሚያንስ ፍርዱ የተካከለ ይመስላል። ያ 10 ሳንቲም ግን ትንሹንም ትልቁንም አንድ አድርጎ ይቈጥራል። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው በዚህ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ሰው 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚያወጣ የታሸገ ውኃ በካርድ ቢገዛ፣ ክፍያው 10 ሳንቲምና 4 ሳንቲም ተኩል፣ በጠቅላላው 14 ሳንቲም ተኩል ይሆናል። ይህም ከዋጋው ከመቶ 10 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በ4 ዶላሩ ቡናና ዳቦ ላይ 22 ሳንቲም ይሆናል፤ ይህም ከመቶ 5 ተኩል ነው። በ10 ዶላር ላይ 40 ሳንቲም፣ ማለት ከመቶ 4 ነው። በ40 ዶላር ላይ ግን 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይሆንና ከመቶ 3 ከሩብ ብቻ ይደርሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ያች 10 ሳንቲም በ40 ዶላር ላይ ስትከፋፈል አትታወቅም፤ በአንዲት ጠርሙስ ውኃ ላይ ስትጫን ግን ወገብ ትሰብራለች።

አንባቢ ሆይ፣ «ባለሱቁ በውኃው ላይ ብዙ ያተርፍ የለምን?» ትል ይሆናል። እኔም አጎቴን ይህንኑ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም የሸቀጡ መግዣ፣ የቤት ኪራይ፣ የመብራት፣ የማቀዝቀዣው ጥገና፣ ግብርና የሚበላሸው ወተት ሲቀነስ፣ የካርዱ ክፍያ ሳይታሰብ ከመቶ 5 ቢተርፋቸው ደኅና ወር እንደ ሆነ ነገሩኝ። ይህን ከያዝን የቀረው የአልጀብራ ሥራ ነው። የሽያጩን ዋጋ በሳንቲም «ሸ» እንበለው። ትርፉ ከመቶ 5 ሸ ነው፤ ክፍያው 10 ሲደመር ከመቶ 3 ሸ ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ከመቶ 2 ሸ 10 ሲሆን ነው። እንግዲያው ሸ 500 ሳንቲም፣ ማለት 5 ዶላር ነው። ከ5 ዶላር በታች በካርድ የተሸጠ ነገር ሁሉ ባለሱቁን ያከስረዋል። በ5 ዶላር ላይ ደግሞ ባለሱቁ በነጻ ይሠራል። በ10 ዶላር ላይ 50 ሳንቲም አትርፎ 40 ሳንቲም ስለሚከፍል የሚቀረው 10 ሳንቲም ነው። አጎቴ ይህን ስሌት በአልጀብራ አላወጡትም፤ በኪሳራ ግን ተምረውት ኖሮ ውጤቱን ሳሳያቸው አልተደነቁም።

ትልልቆቹ መደብሮች ማስታወቂያውን የማይለጥፉበት ምክንያትም ከዚሁ ይገኛል። የእነርሱ ደንበኛ ሠረገላውን ሞልቶ በአንድ ጊዜ ብዙ ዶላር ይከፍላል፤ ስለዚህ ያች 10 ሳንቲም አትሰማቸውም። ከዚህም በቀር ሽያጫቸው እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ተከራክረው ዝቅ ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላሉ። የማእዘኑ ባለሱቅ ግን ተከራካሪ የለውም። ውሉን እንዳለ ይፈርማል ወይም ይተወዋል። ቢተወውስ? ደንበኞቹ ዛሬ በኪሳቸው ጥሬ ገንዘብ ስለማይዙ ወደ ትልቁ መደብር ይሄዳሉ። እንግዲህ ካርዱን ቢቀበል ያከስረዋል፤ ባይቀበል ገበያውን ያጣል። ማስታወቂያው በነዚህ በሁለቱ መካከል የተገኘች ጠባብ መተላለፊያ ናት።

የካርዱን ታሪክ ስመረምር ነገሩ ከሥር መሠረቱ ለትንሽ ግዢ ታስቦ እንዳልነበረ ተረዳሁ። ዳይነርስ ክለብ የተባለው ካርድ እ.ኤ.አ. በ1950 በኒው ዮርክ ሲጀመር በምግብ ቤት ለሚጋበዙና ለሚጋብዙ ሰዎች የተዘጋጀ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ውስጥ በፍሬዝኖ ከተማ 60,000 ያህል ካርዶችን ማንም ሳይጠይቀው ለነዋሪዎች በፖስታ ላከ። ይህ ካርድ ነው በ1976 ቪዛ የተባለው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እየቀለለ ስለ ሄደ ሰው ለማስቲካ መግዣ እንኳ ካርድ ማውጣት ለመደ። ልማዱ ሲወርድ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ የሚከፈለው ሳንቲም አብሮ አልወረደም።

ብዙ ዘመን የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ ነጋዴው «ከዚህ በታች አልቀበልም» እንዳይል ይከለክል ነበር። ማስታወቂያውን የሚለጥፍ ባለሱቅ ደንቡን እየተላለፈ ነበር የሚለጥፈው። ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 2010 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ዶድ-ፍራንክ የሚባለውን ትልቅ የገንዘብ ሕግ በፈረሙ ጊዜ ነው። በዚያ ሕግ ውስጥ ከተጻፉት ነገሮች አንዱ፣ ነጋዴ በክሬዲት ካርድ ለሚከፈል ግዢ እስከ 10 ዶላር የሚደርስ ዝቅተኛ መጠን ለመወሰን እንዲችል ይፈቅዳል። ነገር ግን የአንዱን ባንክ ወይም የአንዱን ድርጅት ካርድ ከሌላው ለይቶ ማበላለጥ አይችልም። አሥሩንም ዶላር ከፍ ማድረግ የሚችለው ማእከላዊው ባንክ፣ ማለት ፌዴራል ሪዘርቭ ነው። እንግዲህ በአጎቴ ሱቅ የተለጠፈው 10 የሚለው ቍጥር ከአጎቴ ልብ የመነጨ አይደለም፤ ከሕጉ የተወሰደ ነው።

ይህ ፈቃድ የሚናገረው ስለ ክሬዲት ካርድ ብቻ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ዴቢት ካርድ፣ ማለት ገንዘቡን ወዲያው ከገዢው የባንክ ሒሳብ የሚያወጣው ካርድ፣ በዚህ ፈቃድ ውስጥ አልገባም። ለዴቢት ካርድ ያው ሕግ ሌላ ነገር አደረገ። በሴናተር ዲክ ደርቢን አሳሳቢነት በገባው ክፍል መሠረት፣ ፌዴራል ሪዘርቭ ትልልቆቹ ባንኮች ከአንድ የዴቢት ክፍያ የሚወስዱት 21 ሳንቲምና ከ10,000 እጅ 5 እጅ እንዳያልፍ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2011 ጀምሮ ወሰነ። አሳቡ ነጋዴውን ለመርዳት ነበር፤ ብዙ ለሚሸጠውም ረዳው። ነገር ግን በትንንሽ ሽያጭ ላይ አስቀድሞ ከዚያ ያነሰ ይከፈል ስለ ነበረ፣ የካርድ ድርጅቶቹ ቅናሹን አንሥተው ክፍያውን እስከ ተወሰነው ልክ አደረሱት። ጣሪያ ይሆናል የተባለው ወለል ሆነ። ቡናና ጋዜጣ የሚሸጡ ሰዎች ለጥቅማቸው በወጣ ሕግ ተጎዱ። ከዚህ የተማርሁት፣ ሕግ አውጪ የትልቁን ሒሳብ ሲያስተካክል የትንሹን ሒሳብ ለብቻው ማየት እንዳለበት ነው።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ደንብ የገዢው ባንክ የሚወስደው ድርሻ በዴቢት ካርድ ከመቶ 0.2፣ በክሬዲት ካርድ ከመቶ 0.3 እንዳያልፍ ተወሰነ። ይህ የባንኩ ድርሻ ብቻ ስለ ሆነ የቀሩት ሁለቱ ድርሻዎች አሉ፤ ቢሆንም ከአሜሪካኑ ጋራ ሲተያይ ልዩነቱ ብዙ ነው። እንግዲህ ክፍያው እንደ ዝናብና እንደ ድርቅ ከሰው ፈቃድ ውጭ የሚመጣ ነገር አይደለም ማለት ነው። ሰዎች የወሰኑት ነውና ሰዎች ሊለውጡት ይችላሉ።

እስካሁን የተናገርሁት ለባለሱቁ ነው። ለገዢዋም መናገር ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም የዚያች ወጣት ቅሬታ ከንቱ አልነበረም። 4 ዶላር ልታወጣ መጥታ 10 ዶላር አውጥታ ሄደች። በሰዓት እየተቈጠረ ለሚከፈላት ሠራተኛ 6 ዶላር ቀላል ነገር አይደለም። ማስታወቂያው የሚከብደው ጥቂት ለሚገዛ ሰው ነው፤ ጥቂት የሚገዛ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ያለው ሰው ነው። ከዚህም ሌላ ጥሬ ገንዘብ ያለ ወጭ የሚመጣ ነገር አይደለም። ይቈጠራል፤ ወደ ባንክ ይወሰዳል፤ ሐሰተኛ ኖት ይገባበታል፤ ሌባም ይመኘዋል። አጎቴ ራሳቸው ይህን አልካዱም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ባንኮቹ ከነጋዴው ከሚወስዱት ገንዘብ ከፍለው ለካርዱ ባለቤት ነጥብ፣ የአውሮፕላን ቲኬትና ተመላሽ ገንዘብ ይሰጣሉ። ነጋዴው ደግሞ ያን ክፍያ ለመሸፈን የሁሉንም ዕቃ ዋጋ ጥቂት ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ድኻ ያን የተጨመረውን ዋጋ እኩል ይከፍላል፤ ነጥቡን ግን አያገኝም። በቦስተን ያለው የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በጥሬ ገንዘብ የሚገለገል ቤተ ሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች እንደሚያስተላልፍ፣ በካርድ የሚገለገል ቤተ ሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር እንደሚያገኝ ገምተዋል። ባለሱቁና ድኻው ደንበኛ በመስታወቱ ግራና ቀኝ ቆመው ሲቀያየሙ፣ ገንዘቡ ሁለቱም ወደማያዩት ቦታ ይሄዳል።

አጎቴና እኔ ይህን ከተነጋገርን በኋላ ከማስታወቂያው በታች ሌላ ካርቶን ለጠፍን። የጻፍሁት እኔ ነኝ። «ከእያንዳንዱ የካርድ ሽያጭ 10 ሳንቲምና ከመቶ 3 እንከፍላለን። ከ5 ዶላር በታች ስንሸጥ እንከስራለን። ጥሬ ገንዘብ ባትይዙ ንገሩን፤ መላ አናጣም» ይላል። አንዳንዱ ሰው አንብቦ ዝም አለ፤ አንዳንዱ «እውነትም እንዲህ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ከሳምንት በኋላ ያች ወጣት መጣች። ቆማ አነበበችውና ምን መላ እንዳለ አጎቴን ጠየቀቻቸው።

አጎቴም የድሮ የዱቤ መዝገባቸውን አወጡ። «አንቺ ዱቤ አትወጂም፤ እኔም ስላንቺ በቀን በቀን 22 ሳንቲም መክፈል አልወድም። ሰኞ ሰኞ የ5 ቀኑን 20 ዶላር ባንድ ጊዜ በካርድሽ ክፈዪ፤ በየቀኑ ቡናሽንና ዳቦሽን እየወሰድሽ እኔ ከመዝገቡ እቀንሳለሁ» አሏት። እርሷም ሣቀችና «ጋሼ፣ እንግዲያው ባለዱቤው እርስዎ ሊሆኑ ነው» አለች። ሒሳቡን አሰላሁት። በየቀኑ ብትከፍል ኖሮ 5 ጊዜ 22 ሳንቲም፣ ማለት 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይሄድ ነበር፤ ባንድ ጊዜ ሲሆን ግን 70 ሳንቲም ብቻ ነው። በ20 ዶላሩ ላይ የአጎቴ ትርፍ 1 ዶላር ስለ ሆነ፣ የ10 ሳንቲም ኪሳራ የነበረው ወደ 30 ሳንቲም ትርፍ ተለወጠ። እርሷም የማትፈልገውን ብስኩት መግዛት ቀረላት። እኔ ወደ አገሬ እስክመለስ ድረስ ሌሎች አራት ሰዎች በዚሁ መዝገብ ተጽፈው ነበር።

ይህ መላ ትልቅ ግኝት አይደለም። በአገራችን በየሰፈሩ ያለው ባለሱቅ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። እናቶቻችን ስኳርና ሳሙና በዱቤ ወስደው ደመወዝ ሲደርስ ባንድ ላይ ሲከፍሉ፣ ብዙ ትንንሽ ሒሳቦችን ሰብስበው አንድ ትልቅ ሒሳብ ማድረጋቸው ነው። «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ግን አለ» የሚል ቀልድ በግድግዳው ላይ የለጠፈው ባለሱቅ እንኳ ከመደርደሪያው ሥር መዝገብ አያጣም። መዝገቡ የሚሠራው ግን መተማመን ባለበት ብቻ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች የሚገበያዩበት ከተማ ያን መተማመን ከባንክ በገንዘብ ይገዛል፤ ካርዱ ማለት ይኸው ነው።

ዛሬ በእኛም አገር ግብይቱ እየተለወጠ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ባንኮቹም የየራሳቸውን የስልክ መክፈያ ካወጡ ወዲህ፣ በትንሹ ሱቅ እንኳ በስልክ መክፈል እየተለመደ መጥቶአል። ይህ መልካም ነገር ነው። የተቀደደ ብርና የመልስ ሳንቲም ጭቅጭቅ ይቀራል፤ ገንዘብ ይዞ በጨለማ መሄድም ይቀራል። ነገር ግን የእኛ ሱቅ አንድ እንቁላል፣ ሩብ ኪሎ ስኳርና አንድ ሻማ ነጥሎ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ከአጎቴ ሱቅ ይልቅ የእኛው የትንንሽ ሽያጭ ቤት ነው። ስለዚህ አዲስ የመክፈያ ዘዴ በመጣ ቍጥር ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ አለ። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚቈረጥ ሳንቲም አለው? ካለውስ ማን ይከፍለዋል? አንድ እንቁላል የምትገዛውና አንድ በሬ የሚገዛው እኩል ይቈረጥባቸዋልን? ይህን ጥያቄ ዛሬ ዘዴው ገና ለጋ ሳለ መጠየቅ፣ ነገ በየሱቁ በር ማስታወቂያ ከመለጠፍ ይሻላል።

ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ ከመካከላችን ነገ ነጋዴ፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም ሕግ አውጪ የሚሆን አለ። በክፍል ውስጥ ከመቶ ስንት የሚለውን ስሌት ስንማር ለፈተና ብቻ የምንማረው ይመስለናል። ነገር ግን አንድ ባለሱቅ ማለዳ ሱቁን መክፈቱና አለመክፈቱ፣ አንዲት ሠራተኛ ቡናዋን ጠጥታ ወይም ተቀይማ መሄዷ በዚያች ስሌት ላይ ሊመሠረት ይችላል። ስለዚህ በአንድ ሱቅ በር ላይ የሚያስቀይም ማስታወቂያ ብናይ፣ ባለሱቁን ስስታም ብለን ከመፍረዳችን በፊት ሒሳቡን እንጠይቀው፤ ባለሱቅ የሆንን እንደ ሆነም ገዢው ሳይጠይቀን ሒሳባችንን እንግለጥለት። የተሰወረ ሒሳብ ወንድማማችን ያቀያይማልና።